የአሮጌ ቤት የውጭ ጠርዝ ጣውላ ሲበሰብስ፦ ከመንቀል እስከ ቀለም

«ባለፈው ዓመት ቀባሁት፤ ዘንድሮ ተላጠ። ደግሜ ልቀባው ወይስ ጣውላውን ልቀይረው?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይደርሰኛል። አንዱ ስለ መስኮት ዙሪያ ይጠይቃል፤ ሌላው ስለ በር፤ ሌላው ስለ ጣሪያ ጠርዝ። መልሱ ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ላይ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ጠርዝ ጣውላ የምለው ከቤቱ ውጭ በመስኮትና በበር ዙሪያ፣ በግድግዳ ማዕዘን እና በጣሪያ ጠርዝ ላይ የተመታውን እንጨት ነው። ቤቱን አይሸከምም። የግድግዳውንና የመስኮቱን መገናኛ ይሸፍናል፤ የዝናብ ውሃንም ወደ ውጭ ይመልሳል። ስለዚህ ከእንጨት ሥራው ይልቅ ከባዱ የውሃው ነገር ነው። ውሃው በየት እንደገባና ለምን መውጫ እንዳጣ ሳታውቁ አዲስ ጣውላ ብትመቱ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ይበሰብሳል።

መጀመሪያ፦ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

ወስፌ ወይም ቀጭን ካቻቢቴ ያዙና ጣውላውን ወጋ ወጋ አድርጉት። ላዩ ቀለም ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀለት ጣውላ ብዙ ነው፤ በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ቶሎ የሚበሰብሱት የታወቁ ቦታዎች ናቸው፦ የቋሚ ጣውላ የታችኛው ጫፍ፣ የመስኮት ደፍ ሁለቱ ዳሮች፣ ሁለት ጣውላ የሚገናኝበት መገጣጠሚያ እና ከአሸንዳ ሥር ያለው እንጨት።

ጤነኛ እንጨት ወስፌውን አያስገባም። በጉልበት ስትፈለቅቁት ረጅም ስንጥር ይወጣዋል። የበሰበሰው ውስጥ ግን ወስፌው ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲፈለቀቅም ይፈረፈራል።

ፍርዱ እንዲህ ነው። እንጨቱ ጠንክሮ ቀለሙ ብቻ ከተላጠ መፋቅ፣ ማድረቅና መቀባት ይበቃል። ጉዳቱ ትንሽ ጉድጓድ ከሆነ የበሰበሰውን ጠርጎ በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ሲቀላቀል የሚጠነክር መሙያ) መሙላት ይቻላል። አንድ ጫፍ ብቻ ከተበላ ያንን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ቁራጭ መቀጠል ይሻላል፤ አሮጌ እንጨት ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለና ጥሩ ስለሆነ የተረፈውን መጣል ያሳዝናል። ወስፌው ሦስት አራት ቦታ ላይ ከገባ ግን አትከራከሩ፤ ሙሉውን ቀይሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመንቀል፦
- ካተር፣ ስፓቱላ፣ መዶሻ፣ ጠፍጣፋ የሚስማር መንቀያ ብረት፣ ጉጠት፣ የብረት መጋዝ ምላጭ
- መሬት ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ፕላስቲክ እና ውሃ መርጫ

ለመሥራት፦
- ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ እርሳስ
- መጋዝ (የእጅም የኤሌክትሪክም ይሆናል)፣ ድሪል፣ መላጊያ፣ ብርጭቆ ወረቀት
- ደረቅ ጣውላ፣ ከምትፈልጉት ርዝመት 10 በመቶ ያህል ትርፍ ያለው
- ዝገት የማይነካው ሚስማር ወይም ብሎን፦ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወይም ስቴንለስ
- ከጣውላው በላይ የሚገባ ቀጭን ላሜራ

ለማጠናቀቅ፦
- የውጭ እንጨት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ)፣ የውጭ ቀለም፣ ብሩሽ
- ቀለም የሚይዝ የክፍተት መድፈኛ
- ለውጭ የሚሆን ስቱኮ

ለራሳችሁ፦
- መነጽር፣ ጓንት፣ ለጥቃቅን ብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ (ፒ100 ወይም ፒ3)፣ የማይነቃነቅ መሰላል

ሳትጀምሩ መታወቅ ያለባቸው አደጋዎች

ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት)። በብዙ አገር እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በአንዳንዱም ከዚያ በኋላ፣ የቤት ቀለም ውስጥ ሊድ ይጨመር ነበር። ቤቱ አሮጌ ከሆነና ቀለሙን ካላስመረመራችሁ ሊድ አለበት ብላችሁ ሥሩ። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ በእሳትም አታቃጥሉት፤ ብናኙም ጭሱም መርዝ ነው። ውሃ እየረጫችሁ ፋቁ። ከሥር ፕላስቲክ አንጥፉ፤ መስኮትና በር ዝጉ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች አካባቢው ላይ አይገኙ። ማታ የሥራ ልብሳችሁን ከቤተሰቡ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። ተራ የጨርቅ ማስክ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

መሰላል። 4 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደገፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከራቀ ይንሸራተታል። ረጅም ጣውላ ለብቻ ይዞ መሰላል መውጣት የለም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ። ከጣሪያ ጠርዝ አጠገብ የሚያልፍ መስመር ካለ ከብረት መሰላል ጋር ጨርሶ አይገናኝ። ከጣውላው ጀርባ የመብራት ወይም የደወል ሽቦ ሊኖርም ይችላል። ስለዚህ መጋዛችሁ ከጣውላው ውፍረት አልፎ አይግባ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከአንድ ፎቅ በላይ ያለ የጣሪያ ጠርዝ አሸንዳ መንቀልም ስላለበት ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል። ምድር ቤት ያለ መስኮትና በር ግን መጋዝ የያዘ እጅ የማያቅተው ሥራ ነው።

አሠራሩ

1. ውሃው የመጣበትን ፈልጉ

እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ሥራ የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት 28 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። እንጨት ዝናብ ስለነካው ብቻ አይበላሽም ማለት ነው። የሚበላሸው ረጥቦ መድረቅ ሲያቅተው ነው።

ስለዚህ ከበሰበሰው ቦታ ተነሥታችሁ ወደ ላይ እዩ። አሸንዳው ተደፍኖ ወይም ተቀድዶ ይፈሳል? ከመስኮቱ በላይ ላሜራ አለ? ደፉ ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል ወይስ ወደ ቤት? ከዚያ ወደ ታች እዩ። ጣውላው አፈር ይነካል? አፈር ከነካ ውሃ ከሥር ይመጥጣል፤ መሬት ላይ የሚያርፍ የዝናብ ጠብታም ይረጨዋል። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከአፈር ከፍ ማለት አለበት።

ምንጩን ሳታገኙ ወደሚቀጥለው አትለፉ። አሸንዳ ከሆነ አስቀድማችሁ አሸንዳውን ጠግኑ።

2. ለኩ፣ የአሮጌውን ቅርጽ ውሰዱ

ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፤ የትኛው ጣውላ በየትኛው ላይ እንደተደረበ በኋላ አይታወሳችሁም። ስፋቱን፣ ርዝመቱን እና በተለይ ውፍረቱን ለኩ። የድሮ ጣውላ ብዙ ጊዜ ዛሬ ተልጎ ከሚሸጠው ይወፍራል። አዲሱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሳሳ ከጎኑ ካለው አሮጌ ጋር እኩል አይሆንም፤ መገናኛው ላይ ውሃ የሚያርፍበት ደረጃ ይፈጠራል። ከኋላው ቀጭን ስንጥር አስገብታችሁ ታስተካክሉታላችሁ ወይም ወፍራም ጣውላ አስልጋችሁ ትወስዳላችሁ።

ጣውላው ጌጥ የተቀረጸበት ከሆነ ጤነኛ ከሆነው ክፍል አጭር ቁራጭ አስቀሩና እንጨት ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከሥዕልና ከፎቶ ይልቅ ቁራጩ ራሱ ይናገራል።

3. እንጨቱን ምረጡ

ውጭ የሚቆይ ጣውላ ከዛፉ መሃል፣ ጠቆር ካለው ክፍል የተሰነጠቀ ይሁን። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል የየትኛውም ዛፍ ቢሆን መበስበስን አይቋቋምም። እንደ ጽድ ያሉ በተፈጥሯቸው የሚበረቱ እንጨቶች ተመራጭ ናቸው። በመድኃኒት የተነከረ ጣውላም ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ እርጥብ ሆኖ ስለሚሸጥ ሳይደርቅ ቀለም አይቀበልም።

ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው ወይም ትንሽ ጉጥ ብቻ ያለው ምረጡ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በርዝመቱ እዩት፤ ጠማማ ጣውላ በሚስማር ይቃናል ብላችሁ አትግዙ። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨፍልቆ የተሠራ ጣውላ) እና ለቤት ውስጥ ተብሎ ከአጫጭር ቁራጮች የተቀጣጠለ ጣውላ ለውጭ አይሆንም። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይፈታል።

የገዛችሁትን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በየመሃሉ ስንጥር እያስገባችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት። ካልደረቀ ከተመታ በኋላ ይኮማተርና መገጣጠሚያው ይከፈታል።

4. አሮጌውን ንቀሉ

በአንድ ቀን መልሳችሁ መዝጋት የምትችሉትን ያህል ብቻ ክፈቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ አንድ መስኮት በቂ ነው።

በመጀመሪያ ጣውላው ከግድግዳውና ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ሁሉ በካተር ቁረጡ። ለዓመታት የተደራረበ ቀለም እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ካልቆረጣችሁት ጣውላው ሲወጣ የግድግዳውን ልስን ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ ስፓቱላውን ሰክታችሁ ትንሽ ክፍተት ፍጠሩ። ከዚያ መንቀያ ብረቱን አስገቡና ከሥሩ የእንጨት ቁራጭ አድርጋችሁ ከሚስማር ሚስማር ቀስ እያላችሁ ገፋፉት። ያለ ቁራጩ የምትደገፉበት ግድግዳ ይሰበራል። ብርጭቆ አጠገብ ከሆናችሁ መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።

እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ከጀርባ የብረት መጋዝ ምላጭ አስገብታችሁ ሚስማሩን ቁረጡ። ወይም ጣውላውን መሃል ላይ ቆርጣችሁ በሁለት አውጡት፤ የሚጣል ነገር ነው።

መልሳችሁ የምትጠቀሙበት ጣውላ ካለ ሚስማሩን በፊቱ በኩል አትምቱ። ከጀርባ በጉጠት ይዛችሁ ሳቡት፤ ፊቱ ሳይሰነጠቅ ይወጣል።

5. ከጀርባ ያለውን መርምሩ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ጣውላው ሲወጣ ከኋላው ያለውን እንጨት ሁሉ በወስፌ ውጉ። የጠቆረ ሁሉ የበሰበሰ አይደለም፤ ጠንካራ ከሆነ ማድረቅ ይበቃዋል። ላዩ ብቻ የለሰለሰ ከሆነ ፍቃችሁ አድርቁት፤ ከተሸፈነው እንጨት ላይ የቦሬት መድኃኒት መቀባትም ይረዳል። ቦሬት በውሃ ስለሚታጠብ ዝናብ ለሚመታው ለውጭው ጣውላ አያገለግልም።

ወስፌው ጣሪያውን በተሸከመው እንጨት፣ ከመስኮት በላይ ባለው አግዳሚ ወይም በግድግዳው ምሰሶ ውስጥ ጠልቆ ከገባ አቁሙ። ያ የጠርዝ ጣውላ ሥራ መሆኑ ቀርቷል፤ ባለሙያ ጥሩ። የጭቃ ቱቦ ወይም ውስጡ የተቦረቦረ እንጨት ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምስጥ ነው። ምስጡ ሳይወገድ አዲስ እንጨት መምታት ምሳ ማቅረብ ነው።

ከግድግዳው ጋር የተለጠፈ ውሃ መከላከያ ወረቀት ካለና ከተቀደደ ጠግኑት። የላይኛው ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ይደረባል። የምትጨምሩት ቁራጭ የላይኛው ጠርዝ ከነባሩ ወረቀት ሥር ይግባ፤ በላዩ ከለጠፋችሁት ውሃውን ወደ ውስጥ የሚቀበል ኪስ ሠራችሁ ማለት ነው።

6. ቁረጡ

አሮጌ ቤት ስኳድራ የለውም። ግራ ቋሚው ከቀኙ ጋር እኩል ይሆናል ብላችሁ አታስቡ፤ እያንዳንዱን ቦታ ለብቻው ለኩ። ከድንጋይ፣ ከጡብ ወይም ከልስን ጋር በሚገናኝበት በኩል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። እንጨት ሲረጥብ በስፋቱ ያብጣል፤ መላወሻ ካጣ ይጎብጣል።

የመስኮት ደፍ ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ አለበት፦ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር። በደፉ ላይ የሚቆሙት ጣውላዎች ታችም በዚሁ ዝንባሌ ይቆረጥ። ደፉ ከግድግዳው ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል። ከሥሩ ደግሞ ከፊተኛው ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ገባ ብላችሁ በርዝመቱ አንድ ቦይ ቅደዱ፤ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይበቃዋል። ይህች ቦይ ቀልድ ትመስላለች። ውሃ ግን የደፉን ሆድ ተጣብቆ እየተሳበ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ቦይዋ ጋ ሲደርስ ይቋረጥና ይንጠባጠባል። አሮጌው ደፍ ቦይ ካለው በአዲሱ ላይ እንዳትረሱ። ብዙ ጊዜ በቀለም ተሞልቶ አይታይም።

ሁለት ጣውላ በርዝመት መቀጠል ካለባችሁ ቀጥ ብሎ አይቆረጥ። በ45 ዲግሪ አሳልጡና አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡት፤ መገናኛውም ከኋላው ጠንካራ እንጨት ያለበት ቦታ ላይ ይረፍ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መገጣጠሚያ እንጨቱ ሲኮማተር ፊት ለፊት ይከፈታል፤ የተሳለጠው ግን ቢላወስም ተደርቦ ይቆያል። ቋሚ ጣውላ ላይ ስንጥቁ ከውስጥ ወደ ውጭ ቁልቁል እንዲያዘቀዝቅ ቁረጡት። በተቃራኒው ከሆነ ውሃ ያስገባል።

የበሰበሰ ጫፍ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነም ዘዴው ያው ነው። ከሚታየው ብስባሽ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ጤነኛው ላይ ቁረጡ፤ ፈንገሱ በዓይን ከሚታየው አልፎ ይሄዳል።

በመጨረሻ ስለታም ጠርዞችን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አለዝቧቸው። ቀለም ከስለታም ጠርዝ ላይ ይሸሻል፤ ስለዚህ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

7. ስድስቱንም ፊት ፕራይመር ቀቡ

ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ብቻ አስታውሱ ብትሉኝ ይህንን እመርጣለሁ። አንድ ጣውላ ስድስት ፊት አለው፦ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ ጎኖቹና ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎቹ። ከተመታ በኋላ የሚታየው ፊቱ ብቻ ስለሆነ የሚቀባውም እሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ግን በጀርባና በጫፍ ነው የሚገባው። በጀርባ የገባው እርጥበት ወደ ፊት ሲወጣ ቀለሙን ገፍቶ ይልጠዋል። «በየዓመቱ ብቀባውም ይላጣል» የሚባለው ጣውላ ብዙ ጊዜ ጀርባው ራቁቱን ነው።

የተቆረጠው ጫፍ የባሰ ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቱቦዎች እዚያ ላይ አፋቸው ክፍት ነው። ከጎኑ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ይመጥጣል። የመጀመሪያውን ፕራይመር ጠጥቶት ባዶ ይመስላል፤ ስለዚህ ጫፍ ላይ ሁለቴ፣ ካስፈለገም ሦስቴ ቀቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጣውላውን ሁለት ድጋፍ ላይ አስተኙ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ጀርባውን ቀቡ፣ ሲደርቅ ገልብጡ። የዛፍ ሙጫ የሚያወጣ ጉጥ ካለ በዘይት ወይም በሼላክ የተሠራ ፕራይመር ተጠቀሙበት፤ አለበለዚያ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ በቀለሙ ውስጥ ብቅ ይላል። ቦታው ላይ ሆናችሁ በቆረጣችሁ ቁጥር አዲሱን ጫፍ ወዲያው ቀቡ። ትንሽ ጣሳና ብሩሽ መጋዙ አጠገብ ይቀመጥ፤ «በኋላ እቀባዋለሁ» የተባለ ጫፍ አይቀባም።

ያልተቀባ ጣውላ ፀሐይ ላይ አታቆዩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ላዩ በፀሐይ ይጎዳል፤ ቀለምም እንደሚገባው አይይዝም። ከቆየባችሁ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አንሡና ቀቡ።

8. ከላይ ላሜራ አስገቡ

ከመስኮትና ከበር በላይ ያለው አግዳሚ ጣውላ ጀርባ ላይ ውሃ እንዳያድር ላሜራ ያስፈልጋል። ላሜራው ሦስት ክፍል አለው፦ ከግድግዳው ጋር ወደ ላይ የሚወጣ (5 ሳንቲ ሜትር ያህል)፣ በጣውላው ላይ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ፣ እና በፊቱ ወደ ታች የሚታጠፍ (1 ሳንቲ ሜትር)። ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል ከግድግዳው መሸፈኛና ከውሃ መከላከያው ወረቀት ኋላ ይግባ። ፊት ላይ ለጥፎ በመድፈኛ መዝጋት ለጥቂት ጊዜ ነው የሚያገለግለው፤ መድፈኛው ሲሰነጠቅ ውሃው ከጀርባ ይወርዳል። ግድግዳው ጡብ ወይም ልስን ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚገባ መስመር ቀድዳችሁ ላሜራውን እዚያ ውስጥ ሰክታችሁ ትደፍናላችሁ።

ያዘቀዘቀውን ክፍል በሚስማር አትብሱት። ጣውላው መዳብ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ከሆነ አልሙኒየም ላሜራ አታገናኙት፤ መዳቡ ይበላዋል።

9. ግጠሙ

ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው፦ ደፍ፣ ከዚያ ሁለቱ ቋሚዎች፣ በመጨረሻ የላዩ አግዳሚ። አግዳሚው በቋሚዎቹ ራስ ላይ ስለሚያርፍ የተቆረጡ ጫፎቻቸው ይሸፈናሉ። አግዳሚውን በቋሚዎቹ መሃል ካስገባችሁት ግን የቋሚዎቹ ራስ ለዝናብ ይጋለጣል።

ሳትመቱ መጀመሪያ ሁሉንም በቦታው አቁማችሁ እዩት። ከፍሬሙ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እኩል ገባ ያለ መስመር ዙሪያውን ጠብቁ። ቤቱ የተጣመመ ከሆነ ውሃ ልኩ «ትክክል» ያለው ለዓይን ጠማማ ሊመስል ይችላል። ያን ጊዜ ከውሃ ልኩ ይልቅ የፍሬሙን መስመር ተከተሉ።

ሚስማሩ ጣውላውን አልፎ ከኋላው ጠንካራ እንጨት ውስጥ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ይግባ። ከጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ምቱ። ጫፍ አካባቢ አስቀድማችሁ በድሪል ብሱ፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ከጀርባው ባዶ የሆነ ቦታ ካለ ስንጥር አስገቡበት፤ ባዶ ቦታ ላይ ሚስማሩ ጣውላውን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ተራ ሚስማር አትጠቀሙ። ይዝጋል፤ ዝገቱም በቀለሙ ላይ ይፈሳል። እንደ ጽድ ባለ እንጨት ላይማ ጥቁር እንባ ያስለቅሰዋል።

የሚስማሩን ራስ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አስገብታችሁ ጉድጓዱን በውጭ ስቱኮ ሙሉ። የቋሚ ጣውላ ግርጌ ሲሚንቶ ወይም ደረጃ ላይ አይቀመጥ፤ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ይነሣ። ጣሪያ አጠገብ ከሆነ ከጣሪያው 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

10. ክፍተቱን ድፈኑ፣ መውጫውን ግን ተዉ

መደፈን ያለባቸው ጣውላው ከግድግዳው ጋር በጎን የሚገናኝበት መስመርና ጣውላው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት ናቸው። ንጹሕ ሲሊኮን ቀለም አይዝም። ቀለም ይቀባል የሚል የተጻፈበት አክሪሊክ ወይም ፖሊዩሬታን ግዙ። ክፍተቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ መጀመሪያ የስፖንጅ ገመድ አስገቡበት። መድፈኛ ሁለቱን ጎኖች ብቻ ሲይዝ ይለጠጣል፤ ከጀርባም ከተጣበቀ ይቀደዳል።

መደፈን የሌለበት ደግሞ አለ። ከላይ ባለው ላሜራና በግድግዳው መሸፈኛ መካከል ያለውን ክፍተት አትንኩ። ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ያሉ የአየር ቀዳዳዎችንም ተዉ። የተወሰነ ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ የሚወጣው በእነዚህ ነው። ሁሉንም የደፈነ ሰው ውሃውን ከውስጥ ቆለፈበት።

11. ቀለም ቀቡ

መድፈኛው እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ጊዜው ቱቦው ላይ ተጽፏል። ስቱኮውን አለስልሱ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ሁለት ዙር ቀቡ። በአንድ ወፍራም ዙር መገላገል አይቻልም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይጨማደዳል። ፀሐይ በቀጥታ የመታው ግድግዳ ላይ አትቀቡ፤ ጥላው ሲዞር ጠብቁ። ማታ ጤዛ ከመውረዱ ሁለት ሰዓት በፊትም አቁሙ። ቀለሙ በመድፈኛው ላይ አልፎ ግድግዳውን ትንሽ ይንካ፤ መድፈኛውን ከፀሐይ ይጠብቀዋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የበሰበሰ እንጨት ላይ ስቱኮ መሙላት። ከሥሩ መበስበሱ ይቀጥላል፤ ስቱኮው እንደ ክዳን ይነሣል።
- ደፉን መቀየር ሲያስፈልግ ቋሚዎቹን ብቻ መቀየር። ውሃውን የሚይዘው ደፉ ስለሆነ አዲሶቹ ቋሚዎች ከግርጌያቸው መበስበስ ይጀምራሉ።
- በዝናብ ማግስት መቀባት። ላዩ ደረቅ ሲመስል ውስጡ ገና ነው። የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ15 በመቶ በታች እስኪወርድ ጠብቁ።
- ውጭ ማዕዘን ላይ ሁለት ጣውላ በ45 ዲግሪ አጋጥሞ ያለ ሙጫ መተው። ለዓይን ያምራል፤ ግን ይከፈታል። ወይ ውሃ የሚችል ሙጫ ይጨመር፣ ወይ አንዱ ጣውላ የሌላውን ጫፍ ይሸፍን።
- ለትራፊው ጣውላ ሲባል አጫጭር ቁራጮችን መቀጣጠል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ተጨማሪ የውሃ በር ነው።

ሥራው አልቆ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውጭ ወጥታችሁ ተመልከቱት። ዝናብ ከዘገየ በባልዲ ወይም በውሃ ጎማ ከላይ ወደ ታች ብቻ ውሃ አፍስሱበት፤ ከሥር ወደ ላይ በግፊት መርጨት በደህናው ውስጥም ውሃ ያስገባል። ውሃው ከላሜራው ጠርዝና ከደፉ ፊት ተንጠባጥቦ መውደቅ አለበት። ከላሜራው ዳር ዞሮ በቋሚው ጎን ከወረደ ላሜራው አጥሯል፤ በሁለቱም በኩል ከጣውላው ትንሽ አልፎ እንዲወጣ አስተካክሉት። በደፉ ሆድ ተስቦ ግድግዳውን ካረጠበ ደግሞ ቦይዋ በቀለም ተደፍናለች፤ በካቻቢቴ ጫፍ ጠርጋችሁ ክፈቷት፣ ከዚያም ቀለሙ የተላጠበትን በፕራይመር ንኩት።